የሜክሲኮን ምግብ ከሥሩ መሥራት፦ ከበቆሎው እስከ ሞሌው

የሜክሲኮ ምግብ ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ደርቆ የተጠበሰ ቅርፊት፣ ውስጡ የተፈጨ ሥጋ፣ ከላዩ ቢጫ ቺዝ ነው። ያ ምግብ ይህን መልኩን የያዘው አሜሪካ ውስጥ ነው። ሜክሲኮዎች ቤታቸው የሚበሉት ሌላ ነው። መሠረቱ ቺዝ አይደለም፣ ሥጋም አይደለም፣ ቃሪያም እንኳ አይደለም። በቆሎ ነው፤ ያውም በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ያደረ በቆሎ።

ይህን አንድ ሥራ እጁ ያስገባ ሰው ሌላው አይከብደውም። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን። ከዚያ ቶርቲያ የሚባለውን ስስ የበቆሎ ቂጣ እንጋግራለን፣ ቦሎቄ እንቀቅላለን፣ ሳልሳ የሚባለውን የቲማቲምና የቃሪያ ማባያ እንወቅጣለን፣ በመጨረሻም ሞሌ የሚባለውን የበርበሬ ወጥ እንሠራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከየት ጀመረ

የበቆሎ አገሩ ደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ፣ የባልሳስ ወንዝ ሸለቆ ነው። ከ9000 ዓመት ገደማ በፊት የአካባቢው ሰዎች ቴኦሲንቴ ከሚባል የዱር ሣር የተሻለውን ፍሬ እየመረጡ መዝራት ጀመሩ። የቴኦሲንቴ ራስ ከጣት ያነሰ ነው፤ ያሉትም ጥቂት ጠንካራ ፍሬዎች ብቻ ናቸው። ዛሬ የምናውቀው ወፍራም የበቆሎ ራስ የመጣው ስንትና ስንት ትውልድ ዘር እየመረጠ ከሠራው ሥራ ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል።

በቆሎው ለብቻው አልተዘራም። ሚልፓ በሚባለው ማሳ ላይ በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ አንድ ላይ ይበቅላሉ። ቦሎቄው በበቆሎው አገዳ ላይ ይጠመጠማል፣ ለአፈሩም ናይትሮጅን ይሰጣል። ዱባው በሰፊ ቅጠሉ መሬቱን ሸፍኖ አረም ያፍናል፣ እርጥበትም ይይዛል። ገበታው ላይም ይደጋገፋሉ፤ በቆሎው የጎደለውን ፕሮቲን ቦሎቄው ይሞላዋል። ቶርቲያና ቦሎቄ የበላ ገበሬ ሥጋ ባያገኝም ውሎው አያደክመውም።

በ1521 ስፔኖች የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን ያዙ። ከዚያ ወዲህ አሳማ፣ ከብት፣ ዶሮ፣ ስንዴ፣ ሩዝ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላልና ስኳር ገቡ። ከ1565 እስከ 1815 ደግሞ ከማኒላ ወደ አካፑልኮ የሚመላለሱ መርከቦች የእስያን ቅመም አመጡ። ከሜክሲኮም ብዙ ነገር ወጣ። ዛሬ ወጣችንን ያለሱ የማናስበው በርበሬ ዘሩ ከዚያ ነው። በቆሎውም፣ አቮካዶውም፣ ትግራይ ውስጥ በክረምት የሚበላው በለስም እንዲሁ። ሜክሲኮዎች የቁልቋሉን ፍሬ፣ በለሱን፣ ብቻ አይደለም የሚበሉት። ለጋ ቅጠሉን እሾሁን ልጠው፣ ቀቅለው ወይም ምጣድ ላይ ጠብሰው ይመገቡታል። ኖፓል ይሉታል፤ በጣም ይጣፍጣል።

ባህላዊው የሜክሲኮ ምግብ በ2010 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ለምሳሌነት የቀረበው የሚቾአካን ግዛት ነበር። መዝገቡ የያዘውም አንድ የምግብ ዓይነት ሳይሆን ከማሳው እስከ ምጣዱ ያለውን ሙሉ ሥርዓት ነው።

አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ሜክሲኮ ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። አደባባዩ ስሙን ያገኘው ለዚህ ውለታ ነው። ሜክሲኮ ሲቲም በበኩሏ የኢትዮጵያን ስም የያዘ አደባባይና የሜትሮ ጣቢያ አላት።

ኒሽታማል፦ የሁሉም መነሻ

በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ያደረው በቆሎ ኒሽታማል ይባላል። ለ1 ኪሎ ደረቅ በቆሎ 3 ሊትር ውሃና 10 ግራም የምግብ ኖራ ያስፈልጋችኋል። በቆሎው ሙሉ ፍሬና ነጭ ቢሆን ይመረጣል። የፈንድሻ በቆሎ አይሆንም። ለመጠበስ የሚሸጠው እሸትም አይሆንም። ከሁሉም በላይ ግን ለዘር የተዘጋጀ በቆሎ እንዳትጠቀሙ፤ መድኃኒት የተቀባ ስለሆነ ይመርዛል።

ኖራው ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምትፈልጉት ለምግብ ተብሎ የተዘጋጀ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ለቤት ቀለምና ለግንባታ የሚሸጠውን ኖራ አትንኩት። አሜሪካ ያላችሁ የላቲኖ ሱቅ ገብታችሁ "ካል" ብትሉ በትንሽ ከረጢት ይሰጧችኋል። አገር ቤት ላለን፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ማስመጣት ነው። ክብደቱ ቀላል ነው፤ አንድ ከረጢት ለብዙ ጊዜ ይበቃል። በነገራችን ላይ፣ ሚቾአካን ውስጥ ኮሩንዳ የሚባለውን ባለ ማዕዘን ታማል (በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል የበቆሎ ሊጥ) ሲሠሩ በኖራ ፋንታ የእንጨት አመድ ይጠቀማሉ።

ድስቱ አይዝጌ ብረት ወይም የሸክላ ይሁን። የአሉሚኒየም ድስት ከኖራው ጋር ስለማይስማማ ይበላሻል፣ ምግቡንም ያበላሻል።

አሁን ሥራው። በቆሎውን ልቀሙና እጠቡት። ኖራውን በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና ድስቱ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ቀላቅሉት። ስትበጠብጡ ዱቄቱ ዓይናችሁ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። በቆሎውን ጨምሩና እሳቱን መካከለኛ አድርጉት። ውሃው ፈላ ማለት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ፤ መንተክተክ የለበትም፣ ረጋ ብሎ ይፍላ። ወዲያው የበቆሎው ቆዳ ቢጫ ይሆናል፤ ኖራው ሥራውን እንደጀመረ በዚህ ታውቃላችሁ። የመሬት እርጥበት የሚመስል ሽታም ይመጣል።

ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ካበሰላችሁት በኋላ አንድ ፍሬ አውጡ። በጣታችሁ ስታሹት ቆዳው ከለቀቀ ይበቃል። ለሁለት ስትቆርጡት መሃሉ ላይ ነጭ ደረቅ ነጥብ መታየት አለበት። ነጥቡ ከጠፋ ከልኩ በላይ በስሏል፤ ሊጡ ይጣበቃል። እሳቱን አጥፉ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ይደር። ማታ አብስሎ ጠዋት መፍጨት ይመቻል።

ጠዋት ውሃውን ድፉት። በቆሎውን ሁለት ሦስት ጊዜ እያሻችሁ አለቅልቁት። ለቶርቲያ ከሆነ ቆዳውን ሙልጭ አድርጋችሁ አታውጡት፤ የሚቀረው ትንሽ ቆዳ ሊጡን ያያይዘዋል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለጣዕም ብቻ አይደለም። በቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን የተባለው ቫይታሚን ተቆልፎ የተቀመጠ ነው፤ ኖራው ነው የሚከፍተው። ካልሲየምም ይጨምራል። አውሮፓውያን በቆሎውን ወሰዱ፣ ኖራውን ግን ተዉት። ስፔናዊው ሐኪም ጋስፓር ካሳል በ1735 በአስቱሪያስ ድሃ ገበሬዎች ላይ ቆዳ የሚያቆስል በሽታ አየ። ናያሲን ሲጎድል የሚመጣው ፔላግራ ነበር። ከዚያ ሰሜን ጣሊያንን፣ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካን ደቡብ ክፉኛ መታ። ሜክሲኮ ውስጥ በቆሎን ለሺህ ዓመታት ዋና ምግባቸው ያደረጉ ሰዎች ግን በኖራው ምክንያት ከበሽታው ተጠብቀዋል። ለእኔ የዚህ ምግብ ትልቁ ጥበብ ይህ ነው፤ የቫይታሚን ስም ሳይታወቅ በፊት እናቶች መፍትሔውን ድስታቸው ውስጥ አግኝተውታል።

ሊጡና ቶርቲያው

ድሮ የሚፈጨው ሜታቴ በሚባል ወፍጮ ነው። ዘንበል ያለ ድንጋይ፣ ከላዩ መጅ፤ የገጠር እናቶቻችን የሚያውቁት ዓይነት። አሁን በየሰፈሩ የኒሽታማል ወፍጮ ቤት አለ። ቤት ውስጥ የእጅ ወፍጮ ካላችሁ ሁለት ጊዜ አሳልፉት። ከሌላችሁ ፉድ ፕሮሰሰር ይሆናል፤ ትንሽ በትንሽ እያደረጋችሁ፣ በማንኪያ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ፍጩት። ብሌንደር ብዙ ውሃ ስለሚፈልግ ለቶርቲያ አልመክረውም።

ከ1 ኪሎ ደረቅ በቆሎ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ሊጥ ይወጣል። ይህ ሊጥ በስፓኒሽ ማሳ ይባላል። በደንብ እሹት። ከዚያ ትንሽ ድቡልቡል አድርጋችሁ በመዳፋችሁ ጫኑት። ጠርዙ ከተሰነጣጠቀ ውሃ ይጎድለዋል። እጃችሁ ላይ ከቀረ ውሃ በዝቶበታል። እንደዚህ እየሞከራችሁ አስተካክሉት፤ በግራም መለካት እዚህ ላይ አይሠራም፣ በቆሎው ሁሉ አንድ ዓይነት ውሃ አይጠጣምና።

ጊዜ የሌለው ሰው ማሳ አሪና የሚባለውን ደረቅ ዱቄት ይግዛ። እሱም በኖራ ተቀቅሎ፣ ደርቆ የተፈጨ ነው። በ2 ኩባያ ዱቄት 1 ኩባያ ተኩል ለብ ያለ ውሃ ጀምሩ፣ ለ20 ደቂቃም ይረፍ። ተራ የበቆሎ ዱቄት ግን አትሞክሩ። ኖራ ስላልነካው አይያያዝም፣ ምጣዱ ላይ ይበታተናል።

መጋገሪያው ኮማል የሚባል ጠፍጣፋ ምጣድ ነው። ወፍራም የብረት መጥበሻ በደንብ ይተካዋል። ያለ ዘይት አግሉት። ከሊጡ 30 ግራም ያህል እየቆረጣችሁ አድቦልቡሉ። ፌስታል ቀዳችሁ ሁለት ክብ አድርጉት፣ ሊጡን መሃል አስገብታችሁ በከባድ ሳህን ወይም በቶርቲያ መጫኛ ጫኑት። የ13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስስ ክብ ይወጣል። ፌስታሉን ቀስ ብላችሁ ላጡት።

ምጣዱ ላይ ስታሳርፉት ጠርዙ እስኪለቅ ጠብቁ፤ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ገልብጡት፣ ለ1 ደቂቃ ያህል ተዉት። እንደገና ገልብጡትና መሃሉን በጨርቅ ጫን አድርጉት። ሊጡም ምጣዱም ልክ ከሆኑ እዚህ ላይ ቶርቲያው ይነፋል። ሳይነፋ ቢቀርም ይበላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ምጣዱ በደንብ አለመጋሉ ወይም ሊጡ መድረቁ ነው። እያወጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። ጨርቁ ውስጥ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል፤ ከምጣዱ በቀጥታ የተነሣው ትንሽ ይጠነክራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀምሳችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ።

ቦሎቄው

ይህ አጭር ነው። ግማሽ ኪሎ ጥቁር ወይም ቡራቡሬ ቦሎቄ እጠቡና ከግማሽ ሽንኩርት፣ ከ2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ከ1 ማንኪያ ዘይት ጋር በብዙ ውሃ ቀቅሉ። ሜክሲኮዎች በዘይቱ ፋንታ የአሳማ ስብ ያደርጋሉ። ደቡቡ ላይ ደግሞ ኤፓሶቴ የሚባል ጠንካራ ሽታ ያለው ቅጠል ይጨምሩበታል። 2 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጨውን ቦሎቄው ከለሰለሰ በኋላ ጨምሩ። መረቁን እንዳትደፉት፤ ግማሹ ጣዕም እሱ ውስጥ ነው።

በጾም ወቅት ለሚያነብ ሰው፦ ቶርቲያ፣ በዘይት የተሠራ ቦሎቄ፣ ሳልሳና አቮካዶ ሙሉ የጾም ገበታ ነው።

ሳልሳው

ቆንጆ ሳልሳ ጥሬ ቲማቲም መክተፍ አይደለም። 4 ቲማቲም፣ 2 ቃሪያና 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ በጋለ ምጣድ ላይ ያለ ዘይት ጥበሱ። ቲማቲሙ እዚህም እዚያም ጠቁሮ፣ ቆዳው ፈንድቶ፣ ጭማቂው መንጠባጠብ ሲጀምር ይነሣ። ነጭ ሽንኩርቱን ልጡና በሙቀጫ ከጨው ጋር ቀድማችሁ ውቀጡ። ከዚያ ቃሪያውን። ቲማቲሙ የመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁ ነጭ ሽንኩርቱ በጭማቂው ላይ እየተንሸራተተ ሳይደቅ ይቀራል። የተከተፈ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ጨምሩበት።

ለደረቅ በርበሬ ሳልሳ የኛ ዛላ በርበሬ ይሆናል፤ ዘሩን አውጡለት። የተዘጋጀ በርበሬ ዱቄት ግን አይሆንም፣ ኮረሪማውና ሌላው ቅመም ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል።

ሞሌ ፖብላኖ

የፑዌብላ ከተማ ዋና ምግብ ነው። አፈ ታሪኩ በሳንታ ሮሳ ገዳም ያሉ መነኮሳይት ለጳጳስ እንግዳ እንደሠሩት ይናገራል። እውነተኛ ታሪኩን ድስቱ ራሱ ይነግራችኋል፦ በርበሬው፣ ቲማቲሙ፣ ካካዎውና ቱርክ የሚባለው ዶሮ ከአገሩ፤ ሰሊጡ፣ አልሞንዱ፣ ዘቢቡ በስፔኖች በኩል፤ ቀረፋውና ቅርንፉዱ ከእስያ። ሦስት አህጉር አንድ ወጥ ውስጥ።

ለ6 ሰው፦ አንድ ዶሮ፣ 4 ሙላቶ፣ 4 አንቾ እና 2 ፓሲያ (የሜክሲኮ ደረቅ በርበሬ ዓይነቶች ናቸው)፣ 50 ግራም ሰሊጥ፣ 40 ግራም አልሞንድ፣ 40 ግራም ኦቾሎኒ፣ 40 ግራም ዘቢብ፣ 2 ቲማቲም፣ ግማሽ ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 1 ያደረ ቶርቲያ፣ 2 ቅርንፉድ፣ 5 ፍሬ ቁንዶ በርበሬ፣ ቁራጭ ቀረፋ፣ 45 ግራም ጥቁር ቸኮሌት። አንቾና ሙላቶ ከሌላችሁ ሞሌውን እስክታገኙ አቆዩት። ጥቁረቱም፣ የደረቀ ፍሬ የሚመስለው ጣፋጭነቱም ከእነሱ ነው። እዚህ ላይ ምትክ አልመክርም።

ዶሮውን በጨውና በሽንኩርት ቀቅሉ፣ መረቁን አስቀምጡ። በርበሬዎቹን ዘራቸውን አውጥታችሁ በሞቀ ዘይት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አገላብጡ። መዓዛው ሲመጣ ወዲያው አውጡ። ካረረ ሞሌው በሙሉ ይመርራል፣ ማዳኛም የለውም። በሙቅ ውሃ ለ20 ደቂቃ ዘፍዝፉት።

በዚያው ዘይት አልሞንዱን፣ ኦቾሎኒውን፣ ዘቢቡን፣ ቶርቲያውን እያንዳንዱን ለየብቻ ጥበሱ። የሚበስሉበት ጊዜ ስለሚለያይ አንድ ላይ አትጨምሯቸው። ሰሊጡን በደረቅ መጥበሻ ቁሉ። ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን እንደ ሳልሳው ምጣድ ላይ ጥበሱ።

በርበሬውን ከመረቅ ጋር ፍጩና አጥልሉ። የቀረውን ከቅመሙ ጋር ለብቻው ፍጩ። ወፍራም ድስት ውስጥ ዘይት አግሉና በርበሬውን ብቻ ለ10 ደቂቃ አቁላሉት፤ ቀለሙ ይጠቁራል። ይረጫልና ራቅ በሉ። ከዚያ ሁለተኛውን ጨምሩ፣ በመረቅ እያቀጠናችሁ በቀስታ እሳት አንድ ሰዓት ያህል አብስሉት። ሥሩ እንዳይዝ ከእንጨት ማማሰያው እጃችሁ አይለይ። ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው መጨረሻውን ያውቀዋል፦ ቅባቱ ወደ ላይ ሲወጣና ማማሰያው ጀርባ ላይ ሲለጠፍ በስሏል። ቸኮሌቱ፣ ጨውና ቁንጥር ስኳር መጨረሻ ላይ ይገባሉ። ቸኮሌቱ በርበሬውን እንዲያለዝብ ነው እንጂ እንዲታወቅ አይደለም። ዶሮውን ጨምራችሁ ለ10 ደቂቃ ይዋሃድ፣ የተቆላ ሰሊጥ በትኑበት፣ በቶርቲያ ብሉት።

ከዚህ በኋላ ወዴት

ኒሽታማሉን ቆዳው ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ አጥባችሁ፣ ጫፉን ነቅላችሁ፣ ከሥጋ ጋር ፍሬው እንደ አበባ እስኪፈነዳ ብትቀቅሉት ፖሶሌ ይሆናል። በጎመን፣ በጥሬ ሽንኩርት፣ በኦሬጋኖና በሎሚ ይበላል። ሃሊስኮ ቀዩን ትወዳለች፣ ጌሬሮ አረንጓዴውን። የበቆሎ ሊጡን በስብ አሽታችሁ በበቆሎ ቅጠል ጠቅልላችሁ በእንፋሎት ብታበስሉት ታማል ነው፤ ዋሃካ ውስጥ ጥቅልሉ የሙዝ ቅጠል ነው። ዩካታን ጉድጓድ ውስጥ የሚበስለው ኮቺኒታ ፒቢል አሳማ ነው፤ አሳማ ለማይበላ ግን እዚያው አገር የዶሮ አለው። ሥጋው አቾቴ በሚባል ቀይ ቀለም በሚሰጥ ዘርና በኮምጣጣ ብርቱካን ተለውሶ በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል። በቆመ ብረት ላይ እየዞረ ተጠብሶ በቶርቲያ የሚበላው ታኮስ አል ፓስቶር ደግሞ ሻዋርማን ይዘው የመጡት የሊባኖስ ስደተኞች ትሩፋት ነው።

ቶርቲያ ከተረፋችሁ አትጣሉት። በማግስቱ በሦስት ማዕዘን ቆራርጡና በዘይት ጥበሱት። ሳልሳውን በመጥበሻ አሙቁ፣ የተጠበሰውን ጨምራችሁ አንዴ አገላብጡ። ቺላኪሌስ የሚባለው ቁርስ ይህ ነው። እንቁላል ወይም ከሞሌው የተረፈውን ዶሮ ጣል አድርጉበትና ሳይልፈሰፈስ ቶሎ ብሉት።